የቤተሰብ ስልክ

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ልጅ ሆኜ ዳንግላ ገበያ ውስጥ እናቴ ከዓይኔ ስትሰወር አላለቅስም ነበር፤ ባለሁበት ቆሜ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነኝ። ስፈራ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ ሰው የተረጋጋሁ ይመስለዋል። ለሥራ የቀጠሩኝም በቃለ መጠይቁ ላይ የተረጋጋሁ መስዬ ስለታየኋቸው እንደሆነ አስተባባሪያችን በኋላ ነግሮኛል። ያን ቀን እጄን ጠረጴዛው ስር ደብቄ ነበር።

ሥራው እንጅባራ ባለች አንዲት ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቷ ሴት ልጆች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ ትደግፋለች። መጀመሪያ የምትሠራው ከገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ብቻ ነበር። "ዩኒቨርሲቲውም ይጨመር፤ ከገጠር የመጡት ሴቶች እዚያም እየጠፉ ነው" ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። የተመረቅሁትም ከዚያው ነው። አስተባባሪያችን ጆሮው እስኪደክም ሰምቶኝ በመጨረሻ "እሺ፤ ግን ራስሽ ነሽ የምትይዥው" አለኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ያን ቀን ከቢሮ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ዝናብ እየዘነበብኝ።

የወተወትኩበት ምክንያት አለኝ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ዶርም ውስጥ ታምሜ ራሴን ሳትኩ። ጓደኞቼ ክሊኒክ አደረሱኝ፤ ስልኬን ግን መክፈት አልቻሉም፤ የእናቴን ቁጥር የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። እናቴ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ዳንግላ ላይ የሰው ልብስ እየሰፋች እኔ ሁለት ቀን እሷ ሳታውቅ ተኛሁ። ስነቃ አጠገቤ የተቀመጡት የሕንፃችን ፅዳት ሠራተኛ ነበሩ። በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው መጥተዋል። "አንቺ ልጅ፣ ሰው የለሽም እንዴ?" አሉኝ። ያ ጥያቄ ከተመረቅሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ የማንኛዋም ልጅ ቤተሰብ ሳይታወቅ እንዳይቀር አደርጋለሁ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴም ከዚሁ ነው የመጣው።

የድርጅት ሥራ የማያውቅ ሰው አቴንዳንስ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አይገባውም። አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላ፣ ሠልጣኙ ቀኑን ሙሉ ቢማር፣ ስሙን ጽፎ ካልፈረመ ሥልጠናው አልተሰጠም። ፎርሙ ስም፣ ትምህርት ክፍልና ፊርማ ብቻ ነበረው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ሁለት ዓምድ ጨመርኩበት፤ "የመጣችበት ቀበሌ" እና "የቤተሰብ ስልክ"። አትሜ ሳየው ኮራሁ። ማንም ያላሰበውን ያሰብኩ መሰለኝ።

ሥልጠናው ቅዳሜ ነበር። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሳም፤ ልጆቹ እየተንቀጠቀጡ ነው የገቡት። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም ከዞኑ ገጠር የመጡ። ትምህርት ከብዷቸው ሊተዉ ሲያስቡ ማንን ማማከር እንደሚችሉ፣ ሲታመሙ የት እንደሚሄዱ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠባበቁ ነበር የምናወራው። አቴንዳንሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከኋላ ከተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ጋ ደርሶ ቆመ። ጥቁር ሻሽ አድርጋለች። እስክሪብቶውን ይዛ ወረቀቱን ታየዋለች እንጂ አትጽፍም።

"ምነው፣ ስምሽን ረሳሽው እንዴ?" አልኳት።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። "ፈርሚ እባክሽ፤ ካልፈረማችሁልኝ እኔን ነው ከሥራ የሚያባርሩኝ" ብዬ ጨመርኩበት። ጎንበስ ብላ ጻፈች። ቀልዴ ያማረልኝ መስሎኝ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ስንጨርስ ውጭ ቀርከሃው አጠገብ ፎቶ ተነሳን። ፎልደሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። ተመልሼ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቅዳሜና እሁድን እናቴ ጋ ነው የማሳልፈው።

መንገዱ እኩሌታ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ አሁን አሁን ማንም አይጠይቅም። ውረዱ ተባልን፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፍን። ቦርሳዎች መሬት ላይ ተዘረገፉ። አንዱ ፎልደሬን አንስቶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የከሰል ጆንያ የጫነ አይሱዙ ከኋላችን ቆሞ ሞተሩ ይንተከተካል። ትንፋሼን ያዝኩ።

"አስተማሪ ነሽ?" አለኝ።

"አይ። ሴት ተማሪዎችን የሚደግፍ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው።"

ትንሽ አየኝና ወረቀቶቹን እንደ ነገሩ ጠቅጥቆ ፎልደሩን ወረወረልኝ። ሚኒባሱ ተነስቶ ዳንግላ ደረስን።

ቤት ገብቼ ስሞቹን ወደ ላፕቶፔ ላስገባ ፎልደሩን ከፈትኩ። የሥልጠናው ጽሑፍ አለ፤ የደብዳቤው ኮፒ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አለ። አቴንዳንሱ የለም። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። የኮቴን ኪስ ፈተሽኩ። ፎልደሩን እንደገና ከፈትኩት፤ እንደገና። እናቴ ስፌት መኪናዋን አቁማ ታየኛለች።

በዚያ ሰሞን ሰው ይታገት ነበር። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤተሰብ ብር አምጡ ተብሎ ይደወላል። ሳይታገትም "ልጃችሁ እኛ ጋ ናት" ተብሎ የተደወለላቸው ነበሩ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ልጅ ደህና መሆኗን አረጋግጦ ውሸት ነው የሚል አይገኝም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ስም፣ አገር፣ የቤተሰብ ስልክ። ሦስቱንም በንጹሕ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ የሃያ ሦስት ልጆችን፣ ገመዱ ጋ ጥዬው መጥቻለሁ። ከእነሱ መሀል አንዷ ብትነካ እጄ አለበት።

ለእናቴ ነገርኳት።

"ስልካቸውን ጻፉ ብሎ ያዘዘሽ ማነው?" አለች።

"ማንም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልደውልላቸው አልቻልኩም፤ የተጻፈው የቤተሰባቸው ቁጥር ነው፤ እሱም የጠፋው ወረቀት ላይ ነው። እሁድ መንገድ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሜ አስፋልቱን ሳይ ዋልኩ፤ ከጋሪ በቀር የሚያልፍ አልነበረም። ምግብ አልቀመስኩም። እያንዳንዷን ልጅ በመልኳ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አሥራ አራቱን ብቻ አስታወስኩ። ደግሞ በዚህ ተናደድኩ። ስማቸውን ተቀብያለሁ፤ መልካቸውን አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ ሲባል መናኸሪያ ሄጄ የቅዳሜውን ሹፌር ፈለግኩት። ጠና ያለ ሰውዬ ነው፤ ጎማ በእግሩ እየመታ ይፈትሻል።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ወረቀት ወድቆ አላገኙም? ስም የተጻፈበት?"

"ወንበሩን ሁሉ ጠርጌያለሁ፤ የለም" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ገመዱ ጋ ከወደቀ አትጠይቂ። ጠይቀሽ ደግሞ አንቺ እንዳትታወቂ" አለ።

በእሱው ሚኒባስ ተመለስኩ። ገመዱ አልነበረም፤ የተጠፈረበት ግንድ ብቻ ዳር ላይ ቆሟል። ስናልፍ መሬቱን በመስኮት ቃኘሁ። የዝናብ ውሃ ያቆረ ጎማ የረገጠው ጭቃ ብቻ ነው ያየሁት። እንጅባራ ስንደርስ ቢሮ ሳልገባ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ።

አዳራሹን የሚያፀዱትን ሴትዮ በር ላይ ባልዲ ይዘው አገኘኋቸው። ያኔ አጥሚት ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዶርም ወደ አዳራሽ ተዛውረዋል።

"እማማ፣ ቅዳሜ እዚህ ወረቀት አላዩም?"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

ነገርኳቸው። አዳምጠውኝ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። "ፎቶ ስትነሱ አንዷ ልጅ ተመልሳ ገብታ ነበር። ጥቁር ሻሽ ያደረገችው። ከጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር አነሳች። የራሷ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አሉኝ።

የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ መሆኑን መካድ አልችልም። ወረቀቱ ገመዱ ጋ አልቀረም። ሁለተኛው ፍርሃት ነበር፤ ልጅቷ ለማን ልትሰጠው ነው የወሰደችው? በዚህ ጊዜ ተማሪው ተማሪውን ይጠራጠራል። ለአንዱ ወይም ለሌላው ወገን ስም ታቀብል እንደሆነስ? ይህን ሳስብ እማማን እንኳ በጥርጣሬ አየኋቸው። ፍርሃት እንዲህ ያደርገኛል፤ አጥሚት ያጠጣኝን ሰው ያስጠረጥረኛል።

ልጅቷን ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘናት። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" አለች፤ ገና አፌን ሳልከፍት።

"ለማን ሰጠሽው?"

"ለማንም።" ጎንበስ ብላ ከካልሲዋ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በላስቲክ ጠቅልላዋለች። "ወንድሜን በስሙ ጠርተው ነው የወሰዱት። ወረቀት ይዘው መጡ። ለማዳበሪያ የተመዘገበበት ወረቀት ነው ይላሉ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሲያነቡት ሰምታለች።"

ማን ወሰደው ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት። "መቼ?" አልኩ።

"ባለፈው ክረምት። እስካሁን የለም።"

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ቅዳሜ የሳቅሁባት ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ መልሶ ይሰማኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልቀደድሽውም?" አልኳት።

"ልቀድደው ነበር። ግን እርስዎ ካልፈረማችሁ ያባርሩኛል ብለዋል። እንጀራዎን እንዴት ልቅደድ?"

በሃያ አምስት ዓመቴ እርስዎ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ይህች ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ የሃያ ሦስት ሰው ስም በካልሲዋ ይዛ ስትሄድ የነበረው ለእኔ ደመወዝ ስትል ነው። ቢያዝባት ምን ልትል ነበር? ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ "ምንም አይደል" አለች፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር እንዲሆን እንደፈለገች ያስታውቅ ነበር።

እማማ ባልዲያቸው ውስጥ በረኪና ጨመሩበት። ወረቀቱን ዘፈዘፍነው። ቀለሙ እየነጣ፣ ወረቀቱ እየላላ ሄደ፤ እማማ በእጃቸው አሽተው አሽተው ጭቃ አስመሰሉትና ሽንት ቤት ደፉት። ሦስታችንም ቆመን አየነው። ከስልኬም የቀርከሃውን ፎቶ አጠፋሁ።

አስተባባሪያችን ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ይፈራል፤ የሱ ፍርሃት ረጂዎቹን ነው። "አልተፈረመም ማለት አልተሰጠም ማለት ነው። ድገሚው" አለኝ።

"እደግመዋለሁ። ስም ግን አላስጽፍም።"

"ቁጥር ብቻ ይሁን፤ በምልክት ይቆጠሩ። ግን አንድም ስም የሌለበት ወረቀት አልልክም። አንድ የሚጠየቅ ሰው ይኑርበት።"

"ይኖርበታል" አልኩት። ያ ሰው እኔ መሆኔ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ያን ሳምንት ዳንግላ ስሄድ ለእናቴ አወራኋት። እነሱን ያስጻፍኩትን ሁሉ በራሴ ልሞላው ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ ቀበሌዬንም እጽፋለሁ፤ የቤተሰብ ስልክ የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጄ ያዘኝ አልኳት። የሰው እናት ስልክ ስሰበስብ እጄ አልያዘኝም ነበር።

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጥሳ "የኔን ጻፊው" አለች።

"ቢደውሉስ?"

"ቢደውሉ አነሳለሁ። ማን ልበል እላለሁ። ስልክ መደወያ አይደል እንዴ?"

ሁለተኛው ሥልጠና ልጆቹ ለእረፍት ወደየአገራቸው ሊበተኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሃያ ሦስቱም መጡ። በወረቀቱ መጀመሪያ መስመር ላይ ስሜን፣ ቀበሌዬንና የእናቴን ስልክ ጻፍኩ። ከሥሩ እያንዳንዷ አንድ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና "ይህ የእናቴ ስልክ ነው። እናንተ ቅዱት። ቤታችሁ ስትገቡ ገባሁ ብላችሁ ደውሉ፤ መንገድ ላይ ችግር ቢገጥማችሁም ደውሉ" አልኳቸው። ሁሉም ደብተራቸውን አወጡ። ባለ ጥቁር ሻሿ ልጅ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ቀና ብላ ከሰሌዳው ጋር አስተያየችው።

"እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው" አለችኝ ስንወጣ። "የገበያ ቀን ግምጃ ቤት ስወጣ እደውላለሁ።"

ዋናውን ወረቀት ለአስተባባሪው ሰጠሁ፤ ኮፒው ፎልደሬ ውስጥ ነበር። ወደ ዳንግላ ስሄድ እዚያው መንገድ፣ እዚያው ግንድ ላይ ገመዱ ተመልሶ ተወጥሯል። የሚፈትሸው ሰው ሌላ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም። ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ።

"ይሄ ስም የማን ነው?"

"የኔ።"

"እነዚህስ ጭረቶች?"

"የመጣው ሰው ቁጥር ነው።"

"ስማቸውስ?"

"አልተመዘገበም።"

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። "ሂጂ" አለኝ። ምን ልታደርገው ነው ብዬ መጠየቅ አልደፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ እናቴ ጋ ሰነበትኩ፤ ስልኳ በጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ልጆቹ ግን መደወል ጀመሩ። "ማን ልበል?" ትላለች እናቴ፤ "ገባሽ? እሰይ። እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብላ ትዘጋና በልብስ መቁረጫ ጠመኔዋ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች። በአራተኛው ቀን መስመሩ ሃያ ሁለት ደረሰ፤ እዚያም ቆመ። የቀረችው ባለ ጥቁር ሻሿ ናት። የግምጃ ቤት ገበያ ቀን ደረሰ፤ አልደወለችም። ግምጃ ቤት መንገዱ ተዘግቷል የሚል ወሬ ሰማን። እናቴ መስመሮቹን እንዳትነካካ ጨርቁን በጠረጴዛው ሌላ ጎን ትቆርጥ ጀመር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከቀትር በኋላ የማናውቀው ቁጥር ደወለ። እናቴ አነሳችው።

"ማን ልበል?"

ቀጥሎ የሰማሁት አማርኛ አይደለም። እናቴ የገጠር ልጅ ናት፤ አዊኛ አፍ የፈታችበት ነው፤ ለእኔ ግን በትምህርት እንዳልቸገር ብላ አላስተማረችኝም። የተባለው ሳይገባኝ ፊቷን ብቻ እያየሁ ቆምኩ። ወረቀቴን የወሰደው ሰውዬም አዊኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። እናቴ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ አንድ ሁለት ቃል መለሰች፤ ዘጋች። ጠመኔውን አንስታ ሃያ ሦስተኛውን መስመር አሰመረች።

"ገብታለች" አለችኝ። "ባለፈው ገበያ መንገድ ተዘግቶባት ነው።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። "ወንድሟስ?" አልኩ።

"አልተገኘም። ቁጥሬን ለእናቷ ሰጥታታለች። ምናልባት ልጁ ሰው ስልክ ቢያውሰው የሚደውልበት ይኑረው ብለው እሱን ለሚያውቁት ሁሉ አዳርሰውታል።"

አሁን ስልኩ ሲጠራ ሁለት ሰዎችን አስባለሁ፤ ወረቀቴን ኪሱ የከተተውን ሰውዬና ያልተገኘውን ወንድሟን። ሁለቱም እስካሁን አልደወሉም። እናቴ ግን ስልኩ ገና አንዴ ሲጠራ መኪናዋን አቁማ ታነሳዋለች።